ግድግዳ ስለሌለው የሕዝብ ትምህርት ቤት፤ የተማሪው ቁጥር፣ የመምህራኑና የገንዘቡ ነገር

ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ቤቱን ነው። ግድግዳው በድንጋይ ተሠርቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ለብሶ፣ በደጁ ደወል ተሰቅሎ ያየ ሁሉ ሥራው ተፈጸመ ይላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በተማሪ፣ በመምህርና በገንዘብ ነው። እነዚህም እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢነሣ ድስቱ ይደፋል፣ አንዱም ከሌሎቹ ቢያጥር ድስቱ ያዘነብላል።

ይህን በግልጥ ለማየት ከተለመደው ትምህርት ቤት ይልቅ አማራጭ የሚባለውን መመርመር ይጠቅማል። አማራጭ የሕዝብ ትምህርት ቤት ማለት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር፣ ከተማሪ ዋጋ የማይቀበል፣ ነገር ግን የትምህርቱን ሰዓት፣ ስፍራና ሥርዓት ከተለመደው መንገድ ለይቶ የሚሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለ ሆነ በትልቅ ትምህርት ቤት ተሸፍኖ የሚያልፈው ጉድለት በእርሱ ላይ ፈጥኖ ይታያል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር፣ በፊላዴልፊያ ከተማ የቆመውን የአንዱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ለምሳሌ እናቀርባለን። በዚሁ ታሪክ የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

፩ኛ፤ ስለ አጀማመሩ

በፊላዴልፊያ ከተማ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም የተሰየመ ሰፊ ጎዳና አለ። በዚህ ጎዳና ዳርና ዳር የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ቤተ መዘክር፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የፍራንክሊን የሳይንስ ተቋምና የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ይገኛሉ። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የከተማው ትምህርት ሹማምንት፣ አዲስ ቤት ከመሥራት ይልቅ በእነዚሁ በቆሙት ቤቶች ለምን አናስተምርም ብለው አሰቡ። በየካቲት 1969 ትውልዱ ከእንግሊዝ አገር በሆነው በጆን ብሬመር አስተዳዳሪነት ከ140 በሚበልጡ ተማሪዎች ሥራው ተጀመረ። ስሙንም ከጎዳናው ወስደው የፓርክዌይ መርሐ ግብር አሉት፤ ሕዝቡ ግን ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት ብሎ ጠራው። ተማሪዎቹ በእግርና በሕዝብ መጓጓዣ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየሄዱ ይማሩ ነበር።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እጅግ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው ቤት ፍለጋ ሳይሆን መምህር ፍለጋ ነው። የቅኔው መምህር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ቢዛወር ጉባኤው አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው ጎጆ ግን ትምህርት ቤት አይባልም። እንግዲህ ግድግዳ ሳይኖር ትምህርት ሊኖር እንደሚችል አባቶቻችን አስቀድመው አውቀውታል። ጥያቄው ግድግዳው ሲቀር በስፍራው ምን ይተካል የሚለው ነው።

፪ኛ፤ ስለ ተማሪ ቁጥር

ወደ ፓርክዌይ ለመግባት የለመነው ተማሪ ከስፍራው እጅግ በለጠ። በዚህ ጊዜ ሹማምንቱ በትምህርታቸው ብልጫ ያላቸውን መርጠው ቢያስገቡ ይቀላቸው ነበር። እነርሱ ግን ከተማው ከተከፈለባቸው የትምህርት ወረዳዎች ሁሉ ተማሪ እንዲገኝ አድርገው በዕጣ ለዩ። ዕጣውም ሁለት ጥቅም ነበረው። የመጀመሪያው፣ የድሀውም የባለጸጋውም ልጅ በአንድ ዓይን መታየቱ ነው። ሁለተኛው፣ የሥራው ፍሬ በሚመረመርበት ጊዜ አስቀድሞ ብልህ የነበረውን ሰብስቦ አስተማርሁ የማለት ሐሜት እንዳይኖር ነው።

እዚህ ላይ መምህራን ሊለዩት የሚገባ ነገር አለ። የተማሪ ቁጥር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ይኸውም ልግባ ብሎ የለመነው፣ በመዝገብ የተጻፈውና በየዕለቱ ተገኝቶ የሚማረው ነው። የመጀመሪያው የሕዝቡን ፍላጎት ያሳያል። በሁለተኛው ባጀት ይታሰባል። የትምህርት ቤቱን እውነተኛ ኑሮ የሚያስታውቀው ግን ሦስተኛው ነው። አማራጭ ትምህርት ቤት በተለመደው መንገድ መጽናት ያቃታቸውን ልጆች ሲቀበል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ሊሰፋ ይችላል። በዓመቱ መጀመሪያ የተጻፈው ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ አለ ብሎ ማሰብ፣ የተዘራው ሁሉ ጎተራ ገባ እንደ ማለት ነው።

፫ኛ፤ ስለ መምህራን

በፓርክዌይ ትልቁ ነገር የቡድኑ ሥርዓት ነበር። 16 ያህል ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው፣ አንድ መምህርና ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ተለማማጅ ይመደብላቸው ነበር። ተማሪው በቀን ውስጥ በከተማው ቢበተንም ወደዚህ ቡድን ይመለሳል፤ ቋንቋውና ሒሳቡም በዚያ ይመረመራል፣ ምክርም በዚያ ይቀበላል። በቤተ መዘክሩና በሌሎቹም ተቋማት የሚሠሩ ዐዋቂዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ሰጥተው ያስተምሩ ነበር፤ ነገር ግን የልጁን ጠባይና ድካም የሚያውቀው የቡድኑ መምህር ነው። በጎ ፈቃደኛ ለትምህርት ቤት ማገር ሊሆን ይችላል፤ ምሰሶ ግን አይሆንም። ከላይ ግድግዳውን ምን ይተካል ላልነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ግድግዳውን የሚተካው የመምህሩ ቅርበት ነው።

ስለዚህ ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ ይደርሰዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን ያታልላል። ምክንያቱን በሚከተለው የሒሳብ ምሳሌ እናስረዳለን።

አንድ ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 120 ተማሪዎችና 8 መምህራን አሉት እንበል። 120 ለ8 ሲካፈል ለአንዱ መምህር 15 ተማሪ ይደርሰዋል። ገንዘቡ የሚሰጠው በተማሪ ቁጥር ነው እንበል። በዓመቱ 24 ተማሪዎች ቢወጡ 96 ይቀራሉ፤ ገንዘቡም በአምስተኛ እጅ ይጎድላል። የወጡት ግን ከአንድ ቡድን ሳይሆን ከየቡድኑ ሦስት ሦስት ሆነው ስለ ሆነ፣ የሚዘጋ ቡድን የለም፣ የሚቀር የትምህርት ዓይነትም የለም። አስተዳዳሪው ገንዘብ ስላጠረው 2 መምህራን ቢያሰናብት 6 ይቀሩታል። 96 ለ6 ሲካፈል 16 ነው። ይህንን መዝገብ ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሹም፣ ትናንት 15 ዛሬ 16፤ ምንም የተጎዳ የለም ይላል። ነገር ግን ከተሰናበቱት አንዱ የኬሚስትሪ፣ ሁለተኛው የሒሳብ መምህር ቢሆኑ፣ ሁለት ትምህርቶች ከትምህርት ቤቱ ፈጽመው ጠፍተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብና ኬሚስትሪ የሚሹ ልጆች ወደ ሌላ ይሄዳሉ፤ ቁጥሩ ዳግመኛ ይቀንሳል፣ ገንዘቡም ይከተለዋል። 1,000 ተማሪ ባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ግን ከአራቱ የሒሳብ መምህራን አንዱ ቢሄድ ሦስቱ ሥራውን ይካፈሉታል። ትንሽ ትምህርት ቤት የሚጠፋው በአንድ ቀን ሳይሆን በዚህ ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ ነው።

፬ኛ፤ ስለ ገንዘብ

ለፓርክዌይ መጀመሪያ የሚሆነውን 100,000 ዶላር የሰጠው የፎርድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ከዚያ በኋላ ሸክሙ በከተማው የትምህርት ባጀት ላይ ወደቀ። ስጦታ ዘር ነው እንጂ ቀለብ አይደለም፤ የዓመት ደመወዝ በዘር እህል አይከፈልም። የፊላዴልፊያም የትምህርት ገንዘብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ከሚሰበሰብ የቤትና የንብረት ግብር፣ እንዲሁም የፔንሲልቫኒያ መንግሥት ከሚሰጠው ድርሻ ስለ ሆነ፣ ድሀ የበዛበት ከተማ ለልጆቹ የሚያወጣው ይጎድለዋል። በ1972 እና በ1973 የከተማው መምህራን በደመወዝና በሥራ ውል ክርክር ምክንያት ለብዙ ሳምንታት ሥራ አቆሙ። በ2013 ደግሞ ገንዘብ ስላጠረ የከተማው የትምህርት አስተዳደር ከ20 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ከ3,000 የሚበልጡ ሠራተኞችንም አሰናበተ። በመጨረሻም በየካቲት 2023 አንድ የፔንሲልቫኒያ ፍርድ ቤት የትምህርት ገንዘብ የሚታደልበት መንገድ ከክፍለ አገሩ ሕገ መንግሥት ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ።

ፓርክዌይም ስሙ አልጠፋም። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቆይተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ከ2017 ወዲህ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ የኮሌጅ ትምህርት አብረው የሚቀበሉበት ሆኗል። ነገር ግን ከተማውን ሁሉ ክፍል የማድረጉ ሥራ ቀርቶ ትምህርቱ ወደ ቤት ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አማራጭ ማለት ርካሽ ማለት አለመሆኑ ነው። ቤት ባለመሠራቱ የተረፈ ገንዘብ ወደ መምህር ቢዛወር ልጁ ይጠቀማል። ወደ ሌላ ጉዳይ ቢሄድ ግን ልጁ ግድግዳውንም መምህሩንም አጥቶ ይቀራል።

፭ኛ፤ ለአገራችን የሚሆን ምክር

በአገራችን በዕድሜያቸው ትምህርት ላልጀመሩ ልጆች አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባል መንገድ ተከፍቷል። ይህ መንገድ የመጀመሪያውን አራት ክፍል በሦስት ዓመት የሚያስተምር፣ ለመንደር ቅርብ የሆነ፣ ሰዓቱንም ከከብት ጥበቃውና ከእርሻው ጋር የሚያስማማ ነው። ደረጃው ከፓርክዌይ ቢለይም የሦስቱ ጉልቻ ነገር አንድ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ድጎማ በተማሪ ቁጥር እንዲታሰብ ስለ ተደረገ፣ በመዝገብ የሚጻፍ እያንዳንዱ ስም ገንዘብ የሚጠራ ስም ሆነ። ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

ተማሪ በዓመት ሦስት ጊዜ ይቈጠር፤ በምዝገባ ጊዜ፣ በጥርና በሰኔ። ከመንደሩ ሁለት ሽማግሎች ለቈጠራው ምስክር ይሁኑ። ከትምህርት የቀረ ልጅ ስሙ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ምክንያቱ ይጻፍ፤ አጨዳ ነውን፣ ጋብቻ ነውን፣ የመንገድ ርቀት ነውን፣ ረኃብ ነውን? ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ይፈለጋል፤ ካልተጻፈ ግን ልጁ ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከክፍል፣ አንድ ጊዜ ከሰው ልብ።

የሌለውን ልጅ አለ ብሎ የሚጽፍ፣ ለጊዜው ገንዘብ ያገኘ ቢመስለውም፣ የሌላውን መንደር ልጅ ድርሻ ወስዷል። ደግሞም ልጆች ለምን እንደ ቀሩ የሚመረምር ሰው እንዳይመጣ በሩን ዘግቷል፤ በመዝገቡ ማንም አልቀረምና።

ሽማግሎችም በጉልበትና በእንጨት፣ በአጥርና በውሃ ትምህርት ቤቱን መርዳታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መምህሩ ደመወዙ በጊዜው እንዲደርሰው መጠየቅን ከአጥር ሥራ አያሳንሱ። አጥር ቢፈርስ በአንድ ቀን ይታጠራል፤ ልጆቹን በስም የሚያውቅ መምህር ቢሄድ ግን በአንድ ዓመት አይተካም።

ለመወያየት የሚሆን ጥያቄ

1. በትምህርት ቤታችሁ የተመዘገበውና ትናንት የተገኘው ተማሪ ስንት ስንት ነው? ልዩነቱስ ከምን መጣ?
2. ከመምህራኑ አንዱ ቢሄድ ፈጽሞ የሚቀር የትምህርት ዓይነት አለን?
3. ትምህርት ቤታችሁ ከሚያገኘው ገንዘብ የዓመት ቀለብ የሆነው የትኛው ነው? ዘር ብቻ የሆነውስ የትኛው ነው?
4. ከስፍራው የሚበልጥ ልጅ ቢመጣ በምን ሥርዓት ትለያላችሁ? ሥርዓቱንስ ለድሀው ልጅ አባት ፊት ለፊት ልታስረዱት ትችላላችሁን?