ፊት ሲጣመም፦ ስለ ሰባተኛው የራስ ነርቭ

ማታ ጤነኛ ሆኖ የተኛ ሰው ጧት ሊጕመጠመጥ ውኃ ቢጐነጭ በአንድ ወገን እየፈሰሰ ያስቸግረዋል። መስተዋት ቢያይ አፉ ወደ አንድ ጐን ተስቧል፤ አንደኛው ዓይኑም አልከደን ብሎታል። ቤተ ሰቡ ወዲያው «ነፋስ መታው» ይላል፤ «መጋኛ ነው» የሚልም አይታጣም። እኛ ስሙን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ የሚያሳዝነን በስሙ ምክንያት የሚባክነው ጊዜ ነው።

ከአንጎል የሚወጡ 12 ጥንድ የራስ ነርቮች አሉ። ከእነዚህ ሰባተኛው ለፊት ጡንቻዎች ትእዛዝ ያደርሳል፤ ፈገግታና የዓይን መከደን የእርሱ ሥራዎች ናቸው። የምላስን ፊተኛ ክፍል ጣዕምም ወደ አንጎል ያደርሳል። ይህ ነርቭ በጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። በሚያብጥበት ጊዜ አጥንቱ ስለማይለጠጥለት ይጨመቃል፤ ያ የፊት ወገንም ይዝላል። ሕመሙ በ1821 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ስለ ፊት ነርቮች በጻፈው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ይጠራል።

ይሁን እንጂ የተጣመመ ፊት ሁሉ ከዚህ የመጣ አይደለም። ሐኪሙ በሽተኛውን ቅንድቡን ወደ ላይ እንዲያነሣ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ወገኖች ትእዛዝ ይቀበላል። እንግዲህ አፍ ተጣሞ ሳለ ግንባሩ በሁለቱም ወገን ከተሸበሸበ፥ ጕዳቱ በአንጎል ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ክንድ ቢዝል ወይም አንደበት ቢተሳሰር ደግሞ ስትሮክ መሆኑ ይበልጥ ያሠጋል፤ ለዚህም አንዲት ሰዓት እንኳ ዋጋ አላት። ነገር ግን በዚህ ምልክት ተማምኖ በሽተኛን በቤት ማቆየት አይገባም። ፊቱ በድንገት የተጣመመ ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። በሽታው የነርቩ ከሆነም ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ውስጥ ሲጀመር ነው። ደግነቱ፥ አብዛኞቹ በሽተኞች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ።

እስኪድኑ ድረስ የሚያሠጋው ዓይን ነው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ ትቢያ ይገባበታል፤ ብሌኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ይቈስላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ጠብታ ቀን ቀን፥ ቅባቱ ደግሞ ማታ ይደረግበታል፤ በመኝታም ጊዜ ቆቡ በቀስታ ተከድኖ በፕላስተር ይያዛል።

መምህራን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ። የሥጋ ደዌ ሰባተኛውን ነርቭ ሲጐዳ ዓይን አይከደንም፤ የፊትን ስሜት የሚያደርሰውን አምስተኛውን ነርቭ ሲጐዳም ዓይኑ ትቢያ ሲገባበት አይሰማውም። ሕመም ስለሌለው ልጁ ለማንም አይናገርም። ተማሪው ዓይኑን በቀስታ ሲከድን ነጩ የሚታይ ቢሆን፥ ወይም በገላው ላይ መነካት የማይሰማው ደብዛዛ ምልክት ቢገኝ፥ ከጓደኞቹ ፊት ሳይወሳ በፈጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ቀድሞ የታወረ ዓይን ግን አይመለስም።