ልብ በድንገት ሲቆም ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ላይ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ እኔም በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የዳነው ደረቱን ወዲያው ስለተጫኑትና በኤሌክትሪክ ንዝረት የልቡን ምት ስለመለሱለት ነው። እኛ ሰፈር ግን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር እንይዛለን፤ ከበን እናያለን። በመጀመሪያ ዕርዳታ ስልጠና የተማርኩት እንዲህ ነው፦

1. ትከሻውን ነቅንቃችሁ ጥሩት። ካልመለሰና እንደወትሮው ካልተነፈሰ አንዳችሁ 907 ደውሉ።
2. በጀርባው አስተኙት። መዳፋችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።
3. ሲደክማችሁ ተቀያየሩ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ አታቋርጡ።

«ኤች አይ ቪ ቢኖርበትስ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ደረት በመጫን ቫይረሱ አይተላለፍም! አፍ ለአፍ ማስተንፈሱን ብትተዉትም መጫኑ ብቻውን ነፍስ ያድናል። እጃችሁን አትንፈጉት!