ካራቫን እየጎተቱ ወደ ኡሉሩ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜልበርን ነው። በጁላይ የትምህርት ቤት እረፍት ሁለት ልጆቻችንን ይዘን፣ ካራቫን እየጎተትን ኡሉሩ ልንሄድ ነው። እኔ ነዳጅ እንዳያልቅብን እሰጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ሌሊትም እንንዳ ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወቅቱን በደንብ መርጣችኋል። ጁላይ ክረምት ስለሆነ ቀኑ ለጉዞ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ዲግሪ ስለሚወርድ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ።

በሌሊቱ ነገር ባለቤትዎን አልደግፍም። ካንጋሮዎች በብዛት መንገድ የሚያቋርጡት ሲመሽና ሲነጋጋ ነው፤ ካራቫን የሚጎትት መኪና ደግሞ ድንገት ልቁም ቢል አይቆምም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እረፉ።

የነዳጁ ስጋት ተገቢ ነው። ወደዚያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ከፖርት ኦገስታ እስከ አሊስ ስፕሪንግስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዳንድ ማደያዎች መካከል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ካራቫን ፍጆታውን በእጅጉ ስለሚጨምር ግማሽ ታንክ ቢኖራችሁም ባገኛችሁት ማደያ ሙሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጭነቱ ነው። ከባዱን ዕቃ ከካራቫኑ ጎማዎች አክስል በላይ፣ ወለሉ ላይ አድርጉት። ከኋላ ከከበደ፣ እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝም ባለብዙ ተሳቢ የጭነት መኪና (ሮድ ትሬን) አጠገባችሁ ሲያልፍ ካራቫኑ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የነዳጁን ፔዳል ቀስ ብላችሁ ልቀቁና የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ያዙ።

ሞባይል ብዙ ቦታ አይሠራም፤ የሳተላይት ስልክ ተከራዩ። መኪናው ከቆመባችሁ ጥላችሁት በእግር አትሂዱ።