ከአጥንቱ ውጭ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች

አንድ ሕፃን ጣቶቹ ላይ ጠጣር ጉብታ ያወጣል። ቆይቶም እዚያው እጁ ላይ ሰማያዊ መልክ ያለው፣ ሲጫኑት ሟሸሽ የሚል ለስላሳ እብጠት ብቅ ይላል። አንዱ የአጥንት፣ ሌላው የደም ሥር ጉዳይ ስለሚመስል ወላጅ ሁለቱን ለየብቻ ቢያስታምም አይፈረድበትም። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲገጣጠሙ ግን ማፉቺ ሲንድረም የተባለው፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም በሽታ መታሰብ አለበት።

ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊው ሐኪም ከአንጄሎ ማፉቺ ነው። ማፉቺ እ.ኤ.አ. በ1881 የአንዲት የ40 ዓመት ሴት ሕመም ሲመዘግብ ራጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1895 ነው።

ዛሬ አንድ ተራ የእጅ ራጅ ብዙ ይናገራል። ልም አጥንት ያለቦታው የተከማቸበት የአጥንቱ ክፍል ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ግድግዳውም ሳስቶ ወደ ውጭ ይለጠጣል። እስከዚህ ድረስ ኦሊየር የተባለው ተቀራራቢ በሽታም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። በማፉቺ፣ ለስላሳውን እብጠት በፈጠሩት የተበላሹ ደም መልሶች ውስጥ ደሙ እየተንቀራፈፈ ይረጋል፤ የረጋውም ካልሲየም ይዞ ይጠጥራል። ራጁ ላይ እንደተበተነ ዶቃ ክብ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ዓይኑን አጥንቱ ላይ ብቻ የተከለ ሰው ያልፈዋል።

ነጥቦቹ በለጋ ዕድሜ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ በልጅነቱ ኦሊየር የተባለ ልጅ በኋላ ማፉቺ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ አዲስ የቆዳ እብጠት በታየ ቁጥር ሐኪሙ ሊነገረው ይገባል። ኤምአርአይ የእብጠቱን ጥልቀትና ስፋት ያሳያል፤ ጨረር ስለሌለውም ለዓመታት ክትትል ለሚያስፈልገው ልጅ ይመረጣል።

እናቶች ራሳቸውን መውቀስ የለባቸውም። በ2011 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች አይዲኤች1 ወይም አይዲኤች2 በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ይገኛል። ይህም ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን ልጁ ከተፀነሰ በኋላ በከፊል ሴሎች ላይ የሚፈጠር ነው።

የሳሳው አጥንት በቀላሉ ስለሚሰበር ጉብታውን ወጌሻ ዘንድ ማሳሸት አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ልም አጥንቱ ወደ ካንሰር መለወጡ ነው። ልጁ አድጎ ቁመቱ ካቆመ በኋላ ጉብታው እንደገና ማደግ ከጀመረ፣ ወይም ሳይሰበር አዲስ ሕመም ካመጣ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ መታየት አለበት። በዚያን ቀን የድሮዎቹን ራጆች ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ለውጡን የሚለየው ከእነሱ ጋር አስተያይቶ ነውና።