ልብ ወለድን ወደ ቴሌቪዥን ስለ መመለስ

መጽሐፍ የሰውን ሐሳብ ከውስጥ ያሰማናል፤ ቴሌቪዥን ግን የሚሰጠን የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ነው። ታዲያ በልብ የታሰበው በምን ይገለጥ? አንድ የጃፓን ሥራ እንመርምር።

ደራሲዋ ፉዩሚ ኦኖ ከ«አሥራ ሁለቱ መንግሥታት» ተከታታይ መጻሕፍት አንዱን በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ዮኮ የተባለች ተማሪ በማታውቀው ዓለም ብቻዋን ትንከራተታለች፤ ያመነቻቸውም ይከዷታል። ኤንኤችኬ በ2002 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በአኒሜሽን ማሳየት ሲጀምር ግን ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ፥ ሱጊሞቶና አሳኖ፥ አብረዋት ሄዱ። አሳኖ በመጽሐፉ ፈጽሞ የለም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዮኮ በልቧ ታስበው የነበረውን አሁን ከእነርሱ ጋር ትከራከርበታለች። ጉዳቱስ? አይጥ የሚመስለው ራኩሹን ሲያነሣት እርሱን ማመን የሚከብዳት ያለ ማንም ስለ ቀረች ነበር። ጓደኞች ሲጨመሩ ይህ ብቸኝነት ይሳሳል።

ደግሞም ደራሲዋ መፍትሔውን አስቀድመው ሰጥተው ነበር፤ ጥርጣሬዋን በቃል እያወጣ የሚያፌዝባት ሰማያዊ ጦጣ በመጽሐፉ አለ፤ በአኒሜሽኑም ይታያል።

ስለዚህ እኛም መጽሐፍን ወደ መድረክ ስንመልስ፥ አዲስ ሰው ከመጨመራችን በፊት የምንፈልገው መሣሪያ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለ እንፈልግ።