ከአራስ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የመመለስ ሥርዓት

የወሊድ ፈቃዳቸው የሚያልቅበትን ቀን ጠንቅቀው የሚያውቁ እናቶች ብዙዎች ቢሆኑም፣ ለዚያ ቀን የሚያስፈልገውን ዝግጅት ገና በአራስ ቤት ሳሉ የሚጀምሩ ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህም ያ ሰኞ በደረሰ ጊዜ ሕፃኑ ከማያውቃት ሞግዚት ጋር፣ ሞግዚቲቱ ከማታውቀው ቤት ጋር፣ እናቲቱም ሲከማች ከከረመ የሥራ ክምር ጋር በአንድ ጧት ይገናኙና ሦስቱም ያለቅሳሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወደ ሥራዋ የምትመለስ እናት ከመመለሻዋ በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ ነገሩን ሁሉ አስቀድማ ብትለማመደው ከዚህ ለቅሶ አብዛኛው ይቀራል የሚል ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ቀኑን ማጣራት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድም በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅድላታል፤ ይኸው አዋጅ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በአገልግሎት ዘመን ልክ እየጨመረ የሚሄድ የዓመት ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ያልተነካ የዓመት ፈቃድ ያላት እናት ከወሊድ ፈቃዷ ጋር ለማያያዝ በጽሑፍ ብትጠይቅ ልጇ ጥቂት ሳምንታት ጠንክሮ ይቆያታል። የመመለሻዋንም ቀን ከሰው ኃይል አስተዳደር በጽሑፍ ትቀበል፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሐሙስ እንዲሆን ታድርግ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ሲያልፍ፣ የጎደለውን ለማሟላት ቅዳሜና እሑድ ይተርፏታልና።

ሁለተኛው የሕፃኑ ሲሳይ ነው። ሕፃን መንፈቅ እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይቀምስ ሐኪሞች አጥብቀው ያዝዛሉ፤ እናቲቱ ግን ልጁ መንፈቅ ሳይሞላው ወደ ሥራ ስለምትመለስ፣ ወተቷን አልባ ማስቀመጥን መማር ግድ ይሆንባታል። ይህንንም ወደ ሥራ ከመመለሷ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድማ ትጀምር፤ ከሁሉ የሚቀለውም ሰዓት ማለዳ ልጁ ከጠባ በኋላ ነው። ፓምፕ ያላት በፓምፕ፣ የሌላትም በእጇ ታልባለች፤ እጇን በሳሙና ከታጠበች በኋላ አውራ ጣቷን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክበብ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶቿን ከበታቹ አድርጋ፣ አስቀድሞ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥሎም ጣቶቿን እርስ በርሳቸው ጫን፣ ከዚያም ለቀቅ እያደረገች፣ ቦታውንም ዙሪያውን እየለዋወጠች ብትቀጥል ወተቱ በመጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላም በቀጭኑ እየፈለቀ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሲኒ ሥር የማይሞላ ቢመጣ አትደንግጥ፤ ጡት በታለበና በተጠባ ቁጥር ብዙ ወተት ማዘጋጀት ባሕርዩ ነውና።

የታለበው ወተት ክዳን ባለውና በውኃ ተቀቅሎ በደረቀ ዕቃ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር እየሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት ይቀመጥ። ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ነገር ግን መብራት ወጣ ገባ በሚልበት ሰፈር 4 ቀን የሚለውን አለማመን ይሻላል፤ የዛሬው ለነገ እየሆነ ቢያልፍ ለሕሊናም ዕረፍት ነው። ለማሞቅም ዕቃውን በሙቅ ውኃ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ማቆም እንጂ በእሳት ላይ መጣድ ወይም በማይክሮዌቭ ማሞቅ አይገባም፤ ሕፃኑ ቀምሶ የተወው ትርፍ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ። ማጠጫውን በተመለከተ ብዙዎች ጡጦ ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ንጽሕናው በደንብ ካልተጠበቀ ጡጦ ይልቅ በቀላሉ የሚታጠብ ትንሽ ሲኒ ይሻላል እላለሁ፤ ልጁን ቀና አድርጎ ታቅፎ፣ የሲኒውን አፍ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፎ፣ ራሱ በምላሱ እየሳበ እንዲጠጣ መተው ነው እንጂ ወደ አፉ ማፍሰስ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከርም እናቲቱ ከክፍሉ ትውጣ፤ የእናቱን ጠረን እያሸተተ ሲኒ የሚቀበል ሕፃን አይገኝም።

ሦስተኛው የሞግዚት ነገር ነው፤ ሰፊውም አስቸጋሪውም ይኸው ነው። ሞግዚት በደላላ መጣች በዘመድ፣ መታወቂያዋ ታይቶ፣ ተያዥ ጠርታ፣ በጤና ተቋም ተመርምራ፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ ወደ ቤት ትግባ። በመጀመሪያው ሳምንት ትመልከት፤ በሁለተኛው እናቲቱ እያየች ሞግዚቲቱ ትሥራ፤ በሦስተኛው እናቲቱ ለሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎም ለግማሽ ቀን ከቤት ትውጣ፤ በአራተኛው የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ እስከ መሥሪያ ቤቷ ድረስ በታክሲ ሄዳ፣ በመውጫ ሰዓት ትመለስ፤ በዚህም የሰልፉን ርዝመት፣ የወተቱን ልክና የሞግዚቲቱን ጠባይ በአንድ ቀን ታውቀዋለች። የታዘዘውን የረሳች ሞግዚት ልትታረም ትችላለች፤ የሆነውን የደበቀች ግን ደመወዟ ተከፍሏት ብትሸኝ ይሻላል።

አያትም በቤቱ ካሉ ጸጋ ናቸው፤ ሆኖም ከእርሳቸው ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሚገባ ነገር አለ። ‹‹ልጄ፣ እኛም እናንተን ቅቤ እያዋጥን ነው ያሳደግናችሁ፤ ምን ሆናችሁ?›› ቢሉ፣ ሙግት መግጠም ትርፍ የለውም፤ ‹‹እማማ፣ እርስዎ ያሳደጉት ልጅ እንኳን ምንም አልጎደለውም፤ ለዚህኛው ግን ሐኪሙ ቅቤም፣ ስኳር በውኃም፣ ጤና አዳምም እስከ 6 ወር እንዳይቀምስ አዝዘዋልና አደራውን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ›› ብሎ ጠባቂነቱን ለእርሳቸው ማስረከብ ይበጃል። አደራ የተቀበሉ አያት ሞግዚቲቱንም ይቆጣጠራሉ።

ስለ አባትም ዝም ማለት አይቻልም። አዋጁ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ያም ቢሆን ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› ለሚሉ እንግዶች ወንበር በማቅረብ ስለሚያልቅ፣ የአባትነት ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እናት ሥራ ከጀመረች የሌሊቱ የሽንት ጨርቅ፣ የማለዳው ዕቃ ማፍላትና ልጁን ለክትባት መውሰድ በስሙ ይመደብለት፤ ‹‹አግዝሻለሁ›› የሚል ቃል የማን እንደሆነ ያልተወሰነ ሥራን በእናቲቱ ላይ ያስቀራልና።

በሥራው ቀን እናቲቱ ከቤት ስትወጣ አጥብታ ትውጣ፤ ከዚያም በየ3 ሰዓቱ፣ ይኸውም ወደ 4 ሰዓት፣ በምሳ ሰዓትና ወደ 10 ሰዓት ግድም ትለብ፤ ወተቱንም በረዶ በገባበት ምሳ ዕቃ ይዛ ትመለስ። ሳታልብ የዋለች እንደሆነ ጡቷ ይወጠራል፤ ከዚያም ትኩሳት፣ መቅላትና ሕመም ከተከተለ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትሂድ እንጂ ማጥባቱን አትተው። ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢጸናባትም እንዲሁ ሐኪም ታማክር፤ ይህ የምስጋና ማነስ አይደለም፣ የሚታከም ሕመም ነው። ጾምን በሚመለከት ክርስቲያኗ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ ሙስሊሟም ለራሷ ወይም ለልጇ ከሠጋች በረመዳን ለአጥቢ እናት የተፈቀደውን ታስብ።

ወደ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ልመና አለን። በዚህ ከተማ ብዙ እናቶች ጡታቸውን የሚያልቡት በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆመው ነው፤ እናንተ ምሳ የማትበሉበት ቦታ የልጅ ምግብ ሊዘጋጅበት አይገባም። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያለውን ትንሽ ክፍል በቀን ለሦስት ጊዜ ልቀቁላቸው፤ የተጠየቃችሁት ይህን ብቻ ነው።