ሕፃን በምድጃ ዳር የሚቀበለው ትምህርተ ክርስቶስ



ደብረ ኤልያስ በጎጃም ምድር የቅኔ ትምህርት ከሚነገርላቸው ደብሮች አንዷ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የአብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ በዚህችው ደብር የሚገኘው ነበር። የአብነት ተማሪ ጸሎቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፤ ይህም የቃል ትምህርት ይባላል። ነገር ግን ልጁ ከየኔታ ፊት ከመቀመጡ አስቀድሞ በሌላ የቃል ትምህርት ቤት አልፏል፤ እርሱም የእናቱ ጀርባ፣ የአባቱ ጉልበትና የቤቱ ምድጃ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ሲመድብ፣ ከዚያ በታች ላሉት ግን ያሰበው ወላጆችን ማስተማር ነው። ስለዚህ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃን መምህሩ ማን እንደሆነ ጥርጥር የለውም።

1. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ክርስቲያን ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ተመልክቶ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች እንዲሆኑ አሳስቧል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ትምህርተ ክርስቶስ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሕፃኑ ከወላጆቹ የሚቀበለው የመጀመሪያ ትምህርት ቸር የሆነ የሰማይ አባት መኖሩን ማወቅና ልቡን ወደ እርሱ ማዞር እንደሆነ፣ በኮልታፋ አንደበት የሚላት አጭር ጸሎትም ከእግዚአብሔር ጋር የሚያደርገው የፍቅር ንግግር መጀመሪያ እንደሆነች አስረድተዋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች የምናስተምርበትን ጊዜ ሲያመለክት በቤት መቀመጥን፣ በመንገድ መሄድን፣ መተኛትንና መነሣትን ይጠቅሳል። እነዚህ ሁሉ የዘወትር ጊዜያት ናቸው። ስለዚህ የእርሻና የጓዳ ሥራ የበዛበት ቤት ሌላ ሰዓት እንዲፈልግ አንጠይቅም፤ ያለው ሰዓት ይበቃል።

2. ቀኑ ራሱ የሚሰጠን ጊዜ

ማለዳ። ሕፃኑ ሲነቃ ስሙን በፍቅር ጠርተን «እንደምን አደርህ? እግዚአብሔር ይመስገን» እንበለው። የሁለት ዓመት ልጅ የምስጋናን ፍች አያውቅም፤ ቀን በምስጋና እንደሚጀመር ግን ይለምዳል። እጁን ይዘን እናማትብለት፤ ብቻውን ሲሞክር ቢሳሳትም አንሳቅበት።

በምጣድ ዳር። እናት እንጀራ ስትጋግር ለልጇ እንጎቻ ታወጣለታለች። ከእሳቱ ራቅ ብሎ ተራውን ሲጠብቅ ትዕግሥትን ይማራል፤ «ለእኅትህም ቁረስላት» ስትለው ደግሞ መካፈልን ይማራል። ቆርሶ መስጠትን በቤቱ ያየ ልጅ አድጎ ስለ ቅዱስ ቁርባን ሲነገረው ልቡ መነሻ ያገኛል።

በሥራ ጊዜ። ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማርያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆች እንዲታጠቡ፣ እንዲጠርጉ፣ ገበታ እንዲያሰናዱ ታደርግ ነበር፤ ሕፃን በእጁ እየሠራ እንደሚማር አስተውላለችና። በእኛም ቤት ልጁ ለዶሮ እህል ይበትን፤ ለአያቱ ኩባያ ያቀብል። ሥራው ቢዘገይም «አግዘኸኛል» የሚለው ቃል ዋጋ አለው።

በመንገድ። የታዘለ ልጅ ጆሮው ክፍት ነው። በጉን፣ የጤፉን ማሳ፣ የመስከረምን አደይ አበባ በስማቸው እየጠራን፣ ፈጣሪያቸው ማን እንደሆነ እንንገረው። ሲኮላተፍ መልስ እንስጠው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ባወጡት የጋራ መመሪያም ለሕፃን ፈጥኖ ምላሽ መስጠት ከጤና፣ ከምግብ፣ ከደኅንነትና ከመማር ዕድል ጋር እኩል ተቆጥሯል።

ማታ። ከመኝታ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ስለ ጠበቅኸን እናመሰግንሃለን።» አባትና እናት በዕለቱ ተቀያይመው ከሆነ በልጁ ፊት ይቅር ይባባሉ። ጠቡን ካየ እርቁንም ማየት ይገባዋል።

3. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ ማስፈራራት። «አያ ጅቦ መጣልህ» ብሎ ማስተኛት የተለመደ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» እያሉ ዝም ማሰኘት ነው። ሕፃን ጅቡንና አምላኩን በአንድ የፍርሃት መዝገብ ካሰፈራቸው፣ ሲያድግ ከጅቡ ነጻ ይወጣል፤ ከአምላኩ ግን መሸሹን ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሐሰት ተስፋ። ገበያ ስንወጣ ለቅሶውን ለማብረድ «ከረሜላ አመጣልሃለሁ» ብለን ባዶ እጃችንን ብንመለስ፣ ያስተማርነው ቃል እንደማይታመን ነው። የአባቱን ቃል ያላመነ የሰማይ አባቱን ተስፋ እንዴት በቀላሉ ያምናል?

ሦስተኛ፣ «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለው አባባል። ተረቱ ለጥንቃቄ ተነግሮ ይሆናል፤ አባቶች ከሕፃን ለመራቅ ምክንያት ሲያደርጉት ግን ይጎዳል። ጌታችን ሕፃናቱን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ገሥጾ፣ ልጆቹን አቅፎ ባርኳቸዋል። ማዕረጉም አልቀነሰበትም።

4. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ሕፃናቱ ለትምህርት እስኪደርሱ አትጠብቁ። ከጥምቀት በኋላ ቤታቸውን ጎብኙ። ወላጆችን በብዙ ምክር አታስጨንቁ፤ ለአንድ ወር አንዲት ልማድ ብቻ፣ ለምሳሌ የማታዋን ጸሎት፣ ተስማሙበት፤ በሚቀጥለው ጉብኝት እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንዳያፍሩ አበረታቱ፤ ይህ ትምህርት መጽሐፍ አይሻምና። አያቶችንም አትርሱ፤ ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው አንሥቷል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድር ከኖረባቸው ዓመታት የሚበዙትን ያሳለፈው በናዝሬት ቤት፣ በእመቤታችንና በቅዱስ ዮሴፍ ዘንድ እየታዘዘ ነው። የዓለም መድኃኒት የቤትን ኑሮ እንዲህ ካከበረ፣ እኛም የራሳችንን ምድጃ ዳር አንናቀው።

የናዝሬት ቅድስት ቤተሰብ በአማላጅነቷ ቤታችሁን ትጠብቅ። አሜን።